ቶርክ ወይስ ፈረስ ጉልበት? ሐረጎን የሚያወጣህ የቱ ነው?

በሐረጎ ዳገት ከኮምቦልቻ ደሴ እየተመላለሰ ፈረስ ጉልበት ብቻ የሚቆጥር ሰው ያናድደኛል። ቶርክ ሞተሩ ዘንጉን የሚያዞርበት ኃይል ነው። ፈረስ ጉልበት ደግሞ ያ ኃይል ምን ያህል ቶሎ ሥራ እንደሚሠራ ይነግርሃል። በኒውተን ሜትር የተለካውን ቶርክ በደቂቃ ዙሩ አባዝተህ ለ7,000 ገደማ አካፍለው፣ ፈረስ ጉልበቱን ታገኛለህ።

የድሮው 4.2 ሊትር ናፍጣ ላንድክሩዘር ፈረስ ጉልበቱ 130 ገደማ ቢሆንም፣ 285 ኒውተን ሜትር ቶርኩን ገና በደቂቃ 2,200 ዙር አካባቢ ስለሚሰጥ ሐረጎን ተጭኖም ሳይጮህ ይወጣል፤ እኔ ይሄን ሞተር የምወደው ለዚህ ነው። ትንሽ የቤንዚን መኪና ግን ጉልበቷን የምታወጣው ዙሩ ከፍ ሲል ነው። በ4ኛ ማርሽ እያንቀጠቀጥክ አትግፋት፣ ወደ 2ኛ አውርድ። ትጩህ፣ ምንም አትሆንም! ደሴ ስትደርስ ደግሞ ከፍታው 2,500 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይሳሳል፣ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተርም ከኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል።