«ቁልፍ መቅረጽ ምን ምስጢር አለው?» ለሚሉ

ፒያሳ አካባቢ ቁልፍ የሚቀርጽ ወጣት የምስጢር መጠበቂያ ውል እንዲፈርም ሲጠየቅ በአጠገቡ ያሉት ይስቃሉ። «ለቁልፍ ደግሞ ውል?» ይላሉ። ይህን ከደንበኛም ከባለሱቅም ስሰማ ኖሬአለሁ፤ አሁን ሰልችቶኛል።

«ምስጢሩ ሙያው ነው።»

ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ውል የሚያስፈርሙ ጥቂት ባለሱቆች እንኳ የሚጽፉት «ሠራተኛው የተማረውን ሙያ ለሌላ አያሳይም» የሚል ነው። ሙያው ከማን ይደበቃል? ማሽኑ የተቀመጠው በረንዳ ላይ ነው፤ ደንበኛው ቆሞ እያየ ነው የሚቀረጽለት። በየቤታችን በር ላይ ያለው ባለፒን ቁልፍ (በውስጡ የቁልፉ ጥርሶች የሚገፏቸው ትናንሽ ዘንጎች ያሉት) አሠራርም ቢሆን አሜሪካዊው ሊነስ ዬል በ1861 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ማንም ሊያነበው የሚችል ነገር ነው። ከዚያ በፊት በ1851 እ.ኤ.አ. አልፍሬድ ሆብስ የተባለ ቁልፍ ሠራተኛ «አይደፈሩም» የተባሉትን የእንግሊዝ ቁልፎች ለንደን ላይ ከፍቶ አሳይቷል። ሌባ ከእኛ ሱቅ የሚፈልገው ትምህርት አይደለም።

የሚፈልገው የትኛው ቁልፍ የማንን በር እንደሚከፍት ማወቅ ነው። መንገድ ላይ የወደቀ ቁልፍ ለማንም አይጠቅምም፤ የቤት ቁጥር ሲጻፍበት ግን ቤቱን አሳልፎ ይሰጣል። አምስት ፒን ያለው ቁልፍ የጥርሶቹ ጥልቀት በአምስት አሃዝ ይጻፋል። ዓይነቱን ለሚያውቅና በሞረድ መሥራት ለሚችል ሰው እነዚያ አሃዞች ይበቁታል፤ ዋናውን ቁልፍ ማየት አያስፈልገውም። ስለዚህ በደንበኛ መዝገብ ላይ ስም፣ ስልክ፣ የቤት ቁጥርና እነዚህ አሃዞች በአንድ መስመር ከሰፈሩ መስመሩ ራሱ ቁልፍ ነው። ሠራተኛው «የሚመሳሰል ፈልግልኝ» ብሎ ለጓደኛው በቴሌግራም የሚልከው ፎቶም እንዲሁ ነው።

ቁልፉ ብቻም አይደለም። አንድ ቀን ሱፍ የለበሰ፣ አነጋገሩ ጨዋ የሆነ ሰው ሱቃችን መጣ። አራት ኪሎ አካባቢ ያለ ቤት ጠቅሶ «ባለቤቴ ሰሞኑን ቁልፍ አስቀይራ ነበር?» ሲል ጠየቀ። ቅጂ አልጠየቀም፤ ገንዘብም አላሳየም። ሱቃችን ውስጥ የሚሠራው ልጅ «ማን ደንበኛችን እንደሆነ ለማንም አንናገርም» ብሎ መለሰለት። ይህን ዓረፍተ ነገር ከራሱ አላመጣውም፤ በፈረመው ውል ላይ ቃል በቃል የተጻፈ ነው። ባልና ሚስቱ በፍቺ ክርክር ላይ እንደሆኑና እርሷ ቁልፉን ያስቀየረችው ፈርታ እንደሆነ ኋላ ተረዳን። «አዎ፣ አስቀይራለች» ቢባል ኖሮ ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ አልፈልግም። የሙያ ምስጢርን ብቻ የሚጠብቅ ውል ይህችን ሴት በምን ያድናታል?

«ዘመዴ ነው፣ ውል ማስፈረም ያስቀይማል።»

ያስቀይም። የአክስት ልጅም ስልኩ ይጠፋበታል፣ ጓደኛ ያፈራል፣ ጠጥቶ ያወራል። አብዛኛው ምስጢር የሚወጣው በክፋት ሳይሆን በወሬ ነው፤ ውሉ የሚጠቅመውም ምን ወሬ እንደማይወራ አስቀድሞ ስለሚናገር ነው። ባለሱቁ ራሱም ይፈርም።

«ውልና ማስረጃ ካልጸደቀ ዋጋ የለውም።»

ለዚህ ዓይነቱ ውል እንዲህ የሚል ግዴታ የለም። በጽሑፍ ሲሆን ተዋዋዮቹና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 1727 ማየት ነው።

«ፖሊስ ቢጠይቅም አልናገርም ማለት ነው።»

አይደለም። ውል ወንጀልን አይሸፍንም፤ ሕጋዊ ትእዛዝ ሲመጣ መልስ ይሰጣል።

«ልጁ ሥራ ሲለቅ ውሉም አበቃ።»

ልጁ ቢለቅም ቁልፉ አሁንም በሰው በር ላይ ነው። የምስጢር ግዴታው ከሥራ ስንብት በኋላም እንደሚቀጥል በግልጽ ይጻፍ። መቀጫም ይቀመጥ፤ የሕጉ ቁጥር 1889 ተዋዋዮች ካሳውን አስቀድመው እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ካልተወሰነ ግን የጉዳቱን መጠን ፍርድ ቤት ቀርቦ ማስረዳት የከሳሹ ፈንታ ነው፤ ወሬ ያደረሰውን ጉዳት በብር መተመን ደግሞ ከባድ ነው።

መዝገቡንም አትርሱት። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሱቆች ከፒያሳ ሲነሱ የደንበኞች ስምና የቤት ቁጥር ያለበት ደብተር ከአሮጌ ሣጥን ጋር ተጥሎ አይቻለሁ። በዚያው ዓመት የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለውን መረጃ የሚመለከት ነው። የጥርሱን አሃዝ በአንድ ደብተር፣ ስሙን በሌላ ጻፉ፤ ሁለቱን የሚያገናኘው ቁጥር በባለሱቁ እጅ ብቻ ይሁን። የመኪና ቁልፍ የምትሠሩም የሻንሲ ቁጥርና የቁልፍ ኮድ አብራችሁ አታስቀምጡ። ሠራተኛ ሲሰናበት ስልኩ ላይ ያለው የቁልፍ ፎቶ ሁሉ በሁለታችሁ ፊት ይጥፋ፤ በእጁ ያሉትን ቅጂዎችና ደብተሮች ቆጥሮ ያስረክብ፤ ርክክቡም ተጽፎ ይፈረም።