ባሕር በሌላት ከተማ ስኩባ መማር፦ የመጥለቅ ሥልጠና ከአዲስ አበባ ሲታይ

ስኩባ ጠላቂው የሚተነፍሰውን አየር በጀርባው ተሸክሞ፣ ከላይ የሚመጣ ቱቦ ሳያስፈልገው በውሃ ውስጥ የሚቆይበት ዘዴ ነው። የዛሬው መሣሪያ ዣክ ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን በ1943 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከሠሩት የአየር መቆጣጠሪያ የመጣ ነው። መቆጣጠሪያው ጠላቂው ሲስብ ብቻ ይከፈትና በዙሪያው ካለው ግፊት ጋር የተመጣጠነ አየር ይሰጠዋል። በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ንጹሕ ኦክስጅን ሳይሆን ተጣርቶ የታመቀ ተራ አየር ነው። የዚህ አየር አብዛኛው ክፍል ናይትሮጅን መሆኑን አንባቢው ከወዲሁ ይያዝልኝ፤ ከታች ያለው ጉዳይ ሁሉ ከዚህ ጋር ይያያዛል።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ወደብ የሌላት አገር ዋና ከተማ ናት። ይሁን እንጂ ለውሃ ባዳ አይደለችም። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ያወረዳቸው የፍልውሃ ፍል ውሃ ነበር። ሒልተን ሆቴል በመስቀል ቅርጽ የተሠራው ገንዳ የሚሞላው ከዚያው አካባቢ ከሚፈልቅ ውሃ ነው። ከመስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው ግዮን ሆቴል ገንዳም ብዙ የከተማው ልጅ ዋና ተምሯል። በሥራው መጥለቅ ያለበትም ሰው በከተማዋ አለ። የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች በክረምት ውሃ ካቆሩ ጉድጓዶችና ከወንዞች የሰጠሙ ሰዎችን ያወጣሉ። በእንዲህ ያለ ድፍርስ ውሃ ውስጥ ዓይን አይሠራም፤ ጠላቂው ገመድ ይዞ በእጁ እየዳሰሰ ይፈልጋል። ለመዝናኛ የሚሰጥ የስኩባ መታወቂያ ለዚህ ሥራ አያበቃም። እነዚህ ሰዎች ከሚነገርላቸው በላይ ክብር የሚገባቸው ናቸው።

የጀማሪዎች ሥልጠና ሦስት ክፍል አለው፤ ንድፈ ሐሳብ፣ የገንዳ ልምምድና በባሕር ወይም በሐይቅ መጥለቅ። በ1966 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ፓዲ የተባለ የጠላቂዎች አሠልጣኝ ድርጅት በሚከተለው ሥርዓት የመጀመሪያው መታወቂያ በባሕር ወይም በሐይቅ አራት ጊዜ መጥለቅን ይጠይቃል፤ ለባለቤቱም እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ይፈቅዳል። ሠልጣኙ 200 ሜትር ያለ ዕረፍት መዋኘት (25 ሜትር ርዝመት ባለው ገንዳ ስምንት ጊዜ ማለት ነው) እና ምንም ሳይዝ ለ10 ደቂቃ መንሳፈፍ አለበት። ፍጥነት አይጠየቅም። ዕድሜው 10 ዓመት የሞላው ልጅም በተለየ ገደብ መማር ይችላል። ለአዲስ አበባ ሰው ትልቁ ቁም ነገር ሦስቱን ክፍሎች በአንድ ቦታ መጨረስ ግዴታ አለመሆኑ ነው። ንድፈ ሐሳቡን በቤቱ፣ ገንዳውን ሕጋዊ መታወቂያ ካለው አሠልጣኝ ጋር ጨርሶ፣ አሠልጣኙ በሚጽፍለት ማስተላለፊያ በ12 ወራት ውስጥ ባሕሩን ሌላ አገር ማጠናቀቅ ይችላል። ፈቃደኝነት ብቻ ያለውን አሠልጣኝ ግን አይቀበል፤ ጊዜው ያላለፈ መታወቂያ እንዲያሳየው ይጠይቅ።

ገንዳ ውስጥ ብዙ ሰው የሚፈተነው ዓይንንና አፍንጫን በሚሸፍነው የመጥለቂያ መነጽር ነው። ሠልጣኙ በወለሉ ላይ ተንበርክኮ መነጽሩን በፈቃዱ በውሃ ይሞላል። ዓይን ይቆጠቁጣል፤ ደመ ነፍስ በአፍንጫ ሳብ ይላል። አሠልጣኙ የሚያስተምረው ተቃራኒውን ነው። በጣት የመነጽሩን የላይኛ ጠርዝ ወደ ግንባር ጫን፣ ቀና በል፣ በአፍንጫህ በዝግታ ተንፍስ። አየሩ ከላይ ይሞላና ውሃውን በታችኛው ጠርዝ ያስወጣዋል። ይህን ሦስት አራት ጊዜ የደገመ ሰው ትከሻው ሲላላ፣ እስትንፋሱ ሲረዝም ከውጭ ይታያል። ሌላው የማይጣስ ሕግ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። በ10 ሜትር ጥልቀት የሳበውን አየር ይዞ ወደ ባሕሩ ገጽ የሚወጣ ሰው አየሩ በሳንባው ውስጥ እጥፍ ይሰፋል። አዲስ አበባ ላይ ሳይነስና ጉንፋን የሚያሠቃየው ሰው ደግሞ የታፈነ ጆሮና አፍንጫ ይዞ አይጥለቅ። አስም፣ የልብ ወይም የሚጥል ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር።

አሁን ወደ ከፍታው እንመለስ። አዲስ አበባ ላይ ጠጥቶ የጨረሰውን የሃይላንድ ጠርሙስ ከድኖ ወደ አዋሽ የወረደ መንገደኛ ጠርሙሱ ጭምድድ ብሎ ያገኘዋል። ታች ያለው አየር ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳር በሩብ ገደማ ያነሰ ነው። ስለዚህ በባሕር ግፊት እጥፍ የሚሆነው በ10 ሜትር ሲሆን፣ በአዲስ አበባ ከፍታ ባለ ውሃ ግን ከ8 ሜትር ባነሰ ጥልቀት ነው። በየጥልቀቱ ምን ያህል መቆየት እንደሚቻል የሚያሳየው ለባሕር የተዘጋጀ ሠንጠረዥ በደጋ ሐይቅ ላይ እንዳለ አይሠራም፤ ከ300 ሜትር በላይ ከፍታ ባለ ሐይቅ የሚጠልቅ ሰው ለብቻው የሚሰጠውን የከፍታ ኮርስ መውሰድ ያለበት ለዚህ ነው። ቢሾፍቱ ያለው ባቦጋያ ሐይቅም በዚሁ ወሰን ውስጥ ይገባል። ከባቦጋያ ወጥቶ ወዲያው ወደ አዲስ አበባ የሚነዳ ሰው ደግሞ ናይትሮጅኑ ከሰውነቱ ሳይወጣ በመቶዎች የሚቆጠር ሜትር ሽቅብ ይወጣል።

ናይትሮጅን በግፊት ወደ ደም ይሟሟል፤ ግፊቱ በድንገት ሲቀንስ ደግሞ አረፋ ሆኖ ሰውነትን ይጎዳል። የአምቦ ውሃ ክዳኑ በዝግታ ሲፈታ ይረጋጋል፣ በድንገት ሲከፈት ይፈላል። ሰውም በዝግታ ከወጣና 5 ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አይደርስበትም።

ልምድ ላለው ጠላቂ ቀጣዩ ኮርስ እስከ 30 ሜትር የሚያወርደው ነው፤ አምስት ጊዜ መጥለቅን የሚጠይቅ ሲሆን፣ ጥልቀትና በኮምፓስ አቅጣጫ መያዝ ግዴታ ናቸው። በዚያ ጥልቀት ናይትሮጅኑ እንደ ጠጅ ሞቅታ አእምሮን ያደበዝዛል፤ ትንሽ ከፍ ሲሉ ይለቃል። የመዝናኛ ጠላቂ ወሰን 40 ሜትር ነው። ናይትሮክስ የተባለው ኮርስ ኦክስጅኑ ከፍ ባለ አየር መጠቀምን ያስተምራል። በእኔ አስተያየት ግን ከሁሉም የሚበልጠው የነፍስ አድን ኮርስ ነው፤ ጠላቂው ከራሱ አልፎ የጓደኛውን ዓይን ማንበብ የሚጀምረው እዚያ ነው። በዓመት አንዴ ባሕር የሚያይ የአዲስ አበባ ጠላቂ ከመጓዙ በፊት ገንዳ ገብቶ መነጽሩን ከማጽዳት ጀምሮ መከለስ ይኖርበታል።

ለአዲስ አበባ ሰው ቅርቡ ባሕር የጅቡቲው ነው። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ከኅዳር እስከ ጥር የዓሣ ነባሪ ሻርክ ይታያል፤ ከዓሣ ሁሉ ግዙፉ ቢሆንም የሚመገበው ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው። ዛንዚባርና የግብጽ ቀይ ባሕር ዳርቻም ብዙ አሠልጣኝ አላቸው።

የመመለሻው ቀን ሲደርስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንዴ ብቻ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ቀናት የጠለቀ ደግሞ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። ብዙዎች በባቡር ወይም በመኪና ብመለስ ይህ አይመለከተኝም ይላሉ። ነገር ግን የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት ዝቅ ቢል ከ2,400 ሜትር ከፍታ ጋር የሚስተካከል ነው፤ አዲስ አበባም እዚያው አጠገብ ናት። ከጅቡቲ ተነሥቶ ለቡ ጣቢያ የሚወርድ ጠላቂ አውሮፕላን ባይሳፈርም ከፍታውን ወጥቶታል፤ የሚቆየው ሰዓትም እንደ አጠላለቁ ያው 12 ወይም 18 ነው።