የቨርቹዋልቦክስ «ናት» (NAT) እና «ናት ኔትወርክ» (NAT Network) ይለያያሉ
አራት ኪሎ ላፕቶፑ ላይ በቨርቹዋልቦክስ (ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚፈጥረው ፕሮግራም) ሁለት ምናባዊ ማሽን የጫነ ተማሪ ግራ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ሁለቱም ኢንተርኔት ያገኛሉ፤ እርስ በርስ ግን ፒንግ አይደራረጉም (አንዱ ለሌላው የሙከራ መልእክት ቢልክ መልስ አያገኝም)። አይፒያቸው (የኔትወርክ አድራሻቸው) ሲታይ ደግሞ ሁለቱም 10.0.2.15! ብልሽት አይደለም። «ናት» የሚባለው የኔትወርክ ምርጫ ለእያንዳንዱ ማሽን የየራሱን ራውተር ይሰጠዋል። ግቢው ለየብቻ ስለሆነ የቤት ቁጥሩ ቢመሳሰል ችግር የለውም፤ መገናኛ በር ግን የለም።

የሚያስፈልገው «ናት ኔትወርክ» ነው (ስማቸው መመሳሰሉ ያናድዳል)። አንድ ፈጥራችሁ ሁለቱንም እዚያው አስገቡ። ይተያያሉ፣ ኢንተርኔቱም አይቋረጥም። አንዱን ማሽን ከሌላው ኮፒ ካደረጋችሁት ማክ አድሬሱን (የኔትወርክ ካርዱን መለያ ቁጥር) ቀይሩት፤ አለዚያ አይፒያቸው ይጋጫል።

«ብሪጅድ» የሚባለው ሌላው ምርጫ ማሽኑን በቀጥታ ዋይፋዩ ላይ ያወጣዋል። ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብላችሁ ባትሞክሩት ይሻላል፤ ማሽናችሁ ለማታውቁት ሰው ሊታይ ይችላል። «ሆስት ኦንሊ» ማሽኖቹን እርስ በርስና ከላፕቶፑ ጋር ያገናኛል፣ ኢንተርኔት ግን አይሰጥም።