ሌጂዮኔላ ምንድን ነው? ለብ ብሎ የቆመ ውኃ ጣጣ

ሌጂዮኔላ በወንዝና በሐይቅ ውስጥ በጥቂቱ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። እዚያ እያለ እምብዛም አያሰጋም። ሕንፃ ውስጥ ገብቶ ከ20 እስከ 45 ዲግሪ የሚሞቅ፣ የቆመ ውኃ ሲያገኝ ግን ይራባል። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ሆቴል ላይ በተሰበሰቡ የአሜሪካ ሌጂዮን (የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር) አባላት መካከል ከተነሣው ከባድ የሳንባ ምች ነው።

በሽታው የሚይዘው በአብዛኛው በመጠጣት ሳይሆን ከሻወር፣ ከሰው ሠራሽ ፏፏቴ ወይም ከማቀዝቀዣ ማማ (የትልልቅ ሕንፃዎችን ሙቀት በውኃ ከሚያበርደው መሣሪያ) የሚነሣውን ረቂቅ ፍንጣቂ በመተንፈስ ነው። አረጋውያንን፣ አጫሾችንና የመከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎችን ይበረታባቸዋል።

ብዙ ጊዜ ስሕተቱ የሚጀምረው ቦይለሩ ላይ ነው። መብራት ለመቆጠብ ተብሎ ቴርሞስታቱ 45 ላይ ይደረጋል፤ ይህም ለባክቴሪያው የተመቸ ቤት ነው። ውኃው 60 ዲግሪ ላይ መቀመጥ አለበት። በ60 ዲግሪ ከ10ሩ 9ኙ በ2 ደቂቃ ገደማ ይሞታሉ፤ በ50 ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ቴርሞስታቱ 60 ቢልም እንኳ ማመን አይገባም፤ ከታች ደለልና የኖራ ቅርፊት ተከማችቶ ከሆነ የቦይለሩ ግርጌ ለብ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ በማፍሰሻው በኩል ደለሉን ማስወጣት ግድ ነው።

መለኪያው ቀላል ነው፦ ከቦይለሩ በጣም የራቀውን ቧንቧ ከፍቶ ኩባያ ውስጥ ቴርሞሜትር መንከር። ሙቁ በ1 ደቂቃ ውስጥ 50 መድረስ፣ ቀዝቃዛው በ2 ደቂቃ ውስጥ ከ20 በታች መውረድ አለበት። 60 ዲግሪ ውኃ በጥቂት ሴኮንዶች ቆዳ ስለሚያቃጥል፣ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ሙቁን ከቀዝቃዛው የሚቀላቅል ማደባለቂያ ቫልቭ ይገጠማል፤ ቦታውም ሻወሩ አጠገብ እንጂ ቦይለሩ አጠገብ አይደለም። አለዚያ በመካከል ያለው ቧንቧ ሁሉ ለብ ባለ ውኃ ይሞላል።

ሁለተኛው ጣጣ መቆም ነው። እንግዳ ያልገባበት የሆቴል ክፍል፣ ሲንኩ ተነቅሎ ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ፣ ለፈረቃ ተብሎ ከሚፈለገው እጥፍ ሆኖ የተገዛ ሮቶ፣ ሁሉም አንድ ናቸው። የተደፈነውን ቧንቧ ከመነሻው መቁረጥ ይሻላል። ያልተከፈተውን ሻወር ደግሞ በሳምንት አንዴ ሙቁንም ቀዝቃዛውንም ለየብቻ 5 ደቂቃ ማፍሰስ ነው። ፍንጣቂው እንዳይነሣ የሻወሩን ጭንቅላት በፌስታል አስሮ አንድ ጥጉን ቀዶ ወደ ታች ማስወረድ በቂ ነው። ጭንቅላቱ በየ3 ወሩ ተፈትቶ አቼቶ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ባክቴሪያው የሚደበቀው ኖራውና የሚያሟልጨው ልባስ ውስጥ ነውና።

ሮቶ ክዳኑ ገጥሞ፣ ጥላ ውስጥ ቢሆን ይመረጣል፤ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ጣሪያ ላይ ፀሐይ የሚመታው ሮቶ ያለ ቦይለርም ለብ ይላል። ሲታጠብ መጀመሪያ ደለሉ ተፍቆ ይወጣል፣ ምክንያቱም ክሎሪን ቆሻሻ ላይ ያልቃል። ከዚያ ለ1,000 ሊትር ውኃ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽታ ያልተጨመረበት 1 ሊትር በረኪና (በሊትር 50 ሚሊግራም ክሎሪን ይሆናል) ገብቶ 1 ሰዓት ይቆያል። እስኪደፋና እስኪታጠብ ማንም አይጠቀምበትም። ሻወሩን ከዘፈዘፋችሁበት አቼቶ ጋር በረኪናውን እንዳታገናኙት፤ መርዘኛ ጋዝ ይወጣዋል።