ያልደረሰ ሳንባ አይቀየርም
ነርስ ነኝ፣ የምሠራው ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ነው። አንድ ጥያቄ መስማት ግን በጣም ሰልችቶኛል፦ «ሳንባው እምቢ ካለ ለምን አይቀየርለትም? ውጭ እንውሰደው?» ልጁ በ7 ወሩ ተወልዶ ገና 2 ቀኑ ነው!

ያለጊዜው የተወለደ ልጅ ሳንባ ገና አልደረሰም እንጂ አልሞተም። የጎደለው ሰርፋክታንት የሚባል ፈሳሽ ነው። እሱ ከሌለ የሳንባ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጡ እንደረጠበ ፌስታል ይጣበቃሉ፣ ልጁም በየትንፋሹ ሊያላቅቃቸው ሲታገል ደረቱ ስርጉድ ይላል። ሲፓፕ የሚባለው፣ በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት የሚሰጥ መሣሪያ፣ ከረጢቶቹን ከፍቶ ይይዝለታል። ሰርፋክታንቱ ከተገኘ በቱቦ ይሰጠዋል። ከዚያ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ ማምረት ይጀምራል። አብዛኞቹ ከረጢቶች እኮ የሚፈጠሩት ከተወለደ በኋላ ነው!

አንድ አባት ኮሪደር ላይ ክንዴን ይዞ «ሲስተር፣ የኔን ቆርጣችሁ ስጡት» ብሎኛል። ልጁ 1.2 ኪሎ ነበር። ወስጄ የሲፓፑን ጠርሙስ አሳየሁት፣ ውኃው ቡልቅ ቡልቅ ይላል። «ይሄ እስካለ አየር እየገባለት ነው» አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ጠርሙሱን ሲያይ አደረ። በ9ኛው ቀን ቱቦውን አነሳንለት።

ደግሞስ የአዋቂ ሳንባ፣ ቁራጩም ቢሆን፣ ጨቅላ ደረት ውስጥ የት ይገባል? የሚተከለው በሞት ከተለየ፣ በመጠን ከሚመጣጠን ሕፃን የተገኘ ነው።

ለጨቅላ ሳንባ ጭራሽ አይተከልም ማለትም ስህተት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሴንት ሉዊስና ሂዩስተን ያሉ የሕፃናት ሆስፒታሎች ሠርተውታል። ግን በዘር ችግር ሰርፋክታንት መሥራት ለማይችሉ ወይም የሳንባ ደም ሥራቸው በትክክል ላልተፈጠረ፣ በጣም ጥቂት ልጆች ነው።

«ከተቀየረ በቃ ዳነ» የሚሉም አሉ። አይደለም። ሰውነቱ ሳንባውን እንዳይገፋው እንደ ታክሮሊመስ ያለ መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል። ያም ሆኖ ከሚተከልላቸው ልጆች ግማሽ ያህሉ ከ6 ዓመት ገደማ በላይ አይቆዩም።

የተተከለው ሳንባ ከልጁ ጋር አያድግም? ያድጋል።

እባካችሁ እርጉዞች፣ ከ34 ሳምንት በፊት ምጥ ወይም ሽርት ውኃ ከመጣ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ። እናት የምትወጋው ዴክሳሜታዞን የልጁን ሳንባ ያደርሳል። በደንብ እንዲሠራ ግን 24 ሰዓት ያህል ይፈልጋልና «እስኪነጋ ልጠብቅ» አትበሉ።