«ጥናት የፈረንጅ ነው» እና ሌሎች ከዋርድ የማይጠፉ ስህተቶች

በታኅሣሥ ውርጭ ደብረ ብርሃን ላይ ሌሊት ተረኛ የሆነ ነርስ ብርድ ምን እንደሆነ አይነገረውም። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ ብርድ ገዳይ ነው። ስለ ጥናትና ስለ ነርስ ሥራ የምንሳሳታቸውን ነገሮች ከዚሁ ብርድ ተነስቼ ላውራ።

«ጥናት የፈረንጅ ነው፣ እዚህ አይሠራም»

በጣም የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የካንጋሮ እንክብካቤ፣ ማለትም ልጁን እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ማቆየት፣ የተጀመረው በ1978 እ.ኤ.አ. ኮሎምቢያ ውስጥ ቦጎታ ላይ ነው። የጨቅላ ማሞቂያው አልበቃ ብሎ! ቦጎታም እንደኛ ደጋ ናት፤ 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ትልቁ ጥናት ደግሞ በጋና፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያ፣ በታንዛኒያና በህንድ ሆስፒታሎች የተሠራ ነው።

«ልምዴ ይበቃኛል»

ልምድ ትልቅ ነገር ነው። የልጁን እግር ገና ሲነካ መቀዝቀዙን የሚያውቅ እጅ በአንድ ቀን አይገኝም። ግን ልምድ የማያየው አለ። ብዙዎቻችን «ልጁ ሳይረጋጋ ካንጋሮ አይጀመርም» ተብለን ነው የተማርነው። በዚያ ጥናት ከ1.8 ኪሎ በታች ሆነው ከተወለዱት መካከል ወዲያው ካንጋሮ የጀመሩት በ28 ቀን ውስጥ 12 በመቶ ሞቱ። እስኪረጋጉ የተጠበቁት ግን 15.7 በመቶ። ልዩነቱ ከመቶ ልጅ አራት ገደማ ነው። ማናችንም ብንሆን ይህንን በሌሊት ተራችን ልናየው አንችልም። በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን መቁጠር ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. ምክሩን ቀየረ፤ ካንጋሮ ልጁ እስኪረጋጋ ሳይጠበቅ ወዲያው ይጀመር አለ። በራሱ መተንፈስ ያቃተው ወይም ሾክ (የደም ዝውውሩ በጣም የተዳከመበት ሁኔታ) ውስጥ ያለ ልጅ ግን መጀመሪያ ሕክምናውን ያገኛል።

«ማስረጃ ካለ ቤተሰብ አይጠየቅም»

አንዲት ከመንዝ የመጡ አያት «ልጄ፣ ደም እንደነካው ሊያድር ነው? ልጠበው እንጂ» አሉኝ። ገላውን ማጠብ ለ24 ሰዓት ማቆየት እንደሚመከር ብነግራቸው ምን ይገባቸዋል? «እማማ፣ እስቲ እግሩን ይንኩት» አልኳቸው። ነኩት። «ውይ፣ በረዶ ሆኗል!» አሉ። ልጁን እናቱ ደረት ላይ አስተኛን። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ሁለቱንም ሸፈኑልኝ። ስለ ማጠብ ዳግም አላነሱም።

«ጊዜም ኢንተርኔትም የለንም»

የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ብዙ ጊዜ መሳቢያ ውስጥ ነው። ተቋሙ ከተመዘገበ ደግሞ ሂናሪ የሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የኢንተርኔት አገልግሎት ጥናቶችን በነጻ ያስነብባል። ለመጀመር ግን እሱም አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል፦ ዛሬ ሌሊት ስንት ልጅ ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሆነ? የዚያን ሰዓት የት ነበር፣ አልጋ ላይ ወይስ እናቱ ደረት ላይ?