የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት ምንድን ነው? አልጠፋ ሲልስ ፍተሻው ከየት ይጀምራል?

የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራት በዳሽቦርድ ላይ በቀይ የሚበራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በክብ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት መብራት ነው። ቁልፉ ሲዞር ከሌሎቹ ጋር አብሮ ይበራል፤ ሞተሩ ተነሥቶ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ግን መጥፋት አለበት። ሳይጠፋ ሲቀር «ፍሬኑ እኮ ይይዛል» እየተባለ ለሳምንታት የሚነዳ መኪና ጥቂት አይደለም። ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም መብራቱ የሚበራው ብዙውን ጊዜ ፍሬኑ ገና በሚይዝበት፣ ችግሩ በቀላሉ በሚስተካከልበት ሰዓት ነው።

መብራቱ ፍሬኑን ራሱን አይመረምርም። እንደ ቶዮታ ኮሮላና ቪትዝ ባሉ መኪኖች በዋናነት ከሁለት ቦታ መልእክት ይቀበላል። አንደኛው ከእጅ ፍሬኑ ሥር የተገጠመች ትንሽ ማብሪያ ናት። ሁለተኛው በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያው ውስጥ የሚገኝ፣ ማግኔት የያዘ ተንሳፋፊ ሲሆን፣ ዘይቱ ወርዶ ተንሳፋፊው ከታች ሲደርስ የኤሌክትሪክ መስመሩ ይገናኝና መብራቱ ይበራል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ የመጀመሪያ ሥራ መብራቱን ያበራው ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት ነው።

መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ ጎማዎቹ ታኮ ከተደረገባቸው በኋላ፣ የእጅ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አውርዶ በእጅ ወደ ታች ጫን ማድረግ ይበቃል፤ በዚህ ጊዜ መብራቱ ከጠፋ ማብሪያዋ ቦታዋን ስታለች ወይም የእጅ ፍሬኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም ማለት ነው። ካልጠፋ ኮፈኑ ተከፍቶ በማጠራቀሚያው ላይ ያለው ሶኬት ይነቀላል። በብዙ የቆዩ የጃፓን መኪኖች ሶኬቱ ሲነቀል መብራቱ ከጠፋ መልእክቱ የመጣው ከዘይቱ በኩል ነው። ሶኬቱ የሚነቀለው ለፍተሻ ብቻ ነው፤ መብራቱን ለማጥፋት ሲባል ነቅሎ መተው ከባድ አደጋ ይጋብዛል።

ዘይቱ ጎድሎ ሲገኝ ወዲያው መሙላት የተለመደ ነው፤ ትልቁ ስሕተት የሚፈጸመውም እዚህ ላይ ነው። የፍሬን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት እየተቃጠለ አያልቅም፤ የሚሠራው በተዘጋ መስመር ውስጥ ነውና ከጎደለ ወይ ፈሷል፣ ወይ ቦታ ቀይሯል። የፍሬን ሸራ፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ብረት ተጭኖ የሚይዘው ልባስ፣ እየሳሳ ሲሄድ እሱን የሚገፋው ፒስተን ወደ ውጭ እየወጣ ይቀራል፤ ከኋላው የተፈጠረውን ክፍተት የሚሞላው ደግሞ ከማጠራቀሚያው የሚወርደው ዘይት ነው። በራሴ መኪና መብራቱ ብልጭ ይል የነበረው ከእንጦጦ ቁልቁለት ስወርድ ብቻ ሲሆን፣ ሜዳ ላይ ስደርስ ይጠፋ ስለነበር የሽቦ ችግር አድርጌ ቆጥሬው ነበር። ማጠራቀሚያውን ሳየው ዘይቱ ከታችኛው የመጠን ምልክት ጥቂት ብቻ ከፍ ብሏል፤ መኪናው ሲያዘቀዝቅ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን እየሸሸ ተንሳፋፊውን ያወርደው ነበር። የፊት ጎማዎቹ ሲፈቱ በሸራዎቹ ላይ የቀረው ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነበር። ዘይት ጨምሬ ብተወው ኖሮ መብራቱ ይጠፋል፣ ሸራው ግን እስከ ብረቱ ያልቅ ነበር።

ሸራው ገና ወፍራም ሆኖ ዘይቱ ከጎደለ መፍሰሱ አይቀርምና፣ የጎማዎቹ የውስጥ ገጽ፣ የፍሬን ቱቦዎቹና ከመሪው በታች ያለው የፔዳሉ አካባቢ እርጥበት እንዳላቸው በባትሪ መብራት ይታያሉ። ቀጥሎ ሞተሩ ተነሥቶ ፔዳሉ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተረግጦ ይያዛል፤ ከእግር ሥር ቀስ እያለ ወደ ታች ከሰመጠ መኪናው በዚያው ይቁም፣ ወደ ጋራዥም ተነድቶ ሳይሆን ተጭኖ ይሂድ።

መሙላት ሲያስፈልግ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ዓይነት፣ በአብዛኛው ዶት 3 ወይም ዶት 4፣ ካልተከፈተ ዕቃ ይጨመራል፤ ፈሳሹ ከአየር እርጥበት ይስባልና ተከፍቶ የከረመ አይታመንም። በአማርኛ «ዘይት» መባሉም ሰው ያሳስታል። የሞተር ወይም የመሪ ዘይት ቢጨመርበት በፍሬን መስመሩ ውስጥ ያሉት የጎማ ማሸጊያዎች ሁሉ ያብጣሉ። በቀለም ላይ ከፈሰሰም ቀለሙን ስለሚበላ ወዲያው በውኃ መታጠብ አለበት።

ቢጫው የኤቢኤስ (ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማዎች እንዳይቆለፉ የሚከላከለው ሥርዓት) መብራት ብቻውን ሲበራ መደበኛው ፍሬን ብዙውን ጊዜ ይሠራል። ቀዩና ቢጫው አብረው ከበሩ ግን የፍሬኑን ኃይል በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል የሚያከፋፍለው ሥርዓትም ተቋርጦ ሊሆን ስለሚችል፣ በድንገት ሲያዝ የኋላ ጎማዎች ቀድመው ተቆልፈው መኪናው ሊሽከረከር ይችላል፤ ይህን ደግሞ በኮምፒውተር የሚመረምር ባለሙያ እንጂ በቤት የሚደረግ ፍተሻ አይፈታውም።